ለዩቲዩብ ፕሪሚየም ከመክፈላችሁ በፊት
ከዚራ ስልክ ጥገና ቤቴ የሚመጣ ሁሉ «አቦ፣ ይሄን የዩቲዩብ ማስታወቂያ አጥፋልኝ» ይለኛል። ፕሪሚየም ማለት ከፍላችሁ ዩቲዩብን ያለ ማስታወቂያ የምታዩበት አገልግሎት ነው። ዩቲዩብ ከፍታችሁ ፕሮፋይላችሁን ንኩ፤ ፕሪሚየም የሚል ካለ ዋጋው እዚያው ይታያል። ከሌለ በቪፒኤን ሌላ አገር ያላችሁ መስላችሁ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ የገዙ ሰዎች ተሰርዞባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2023 የወር ክፍያው ከ11.99 ወደ 13.99 ዶላር ሲጨምርማ ስንቱ አጉረመረመ! በብር ምቱትና ፍረዱ።

ለድሬ ሰው ዋናው ጥቅሙ ማውረዱ ነው። ካፌ ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ፣ ማታ ሳቢያን በረንዳ ላይ ያለ ዳታ ታያላችሁ። ስክሪኑ ቢጠፋም ድምፁ ይቀጥላል። ነጻ ሙከራ ከተሰጣችሁ የዚያኑ ቀን ሰርዙት፤ እስከ ማብቂያው ይሠራል። ዩቲዩበሩ ራሱ መሀል ላይ የሚለፍፈውን ማስታወቂያ ግን ፕሪሚየምም አያስቆመውም፤ እሱን በጣት ማሳለፍ ነው።