አዲስ አበባ መሃል ሲዘዋወሩ ሻንጣዎን የት ያስቀምጡ?

ብዙ ሆቴሎች እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ክፍል ያስለቅቃሉ። በረራዎ ማታ ከሆነ እስከዚያ ፒያሳንና አራት ኪሎን ለማየት ጊዜ አለዎት፤ የሚያስቸግረው ሻንጣው ነው።

የሚያስቀምጡበትን ሰፈር ሲመርጡ የሚጎበኙበትን ሳይሆን ከከተማው የሚወጡበትን ያስቡ። ማታ ከቦሌ የሚበሩ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ በኩል ይቆይ። ከ11 ሰዓት በኋላ መንገዱ ሲዘጋጋ ባዶ እጁን ያለ ሰው ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ጥቂት ሄዶ ሌላ ይይዛል፤ ሁለት ሻንጣ የያዘ ግን እዚያው ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ንጋት ላይ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ላይ ከተጻፈው መነሻ አጠገብ ያስቀምጡ፣ ቢቻል እዚያው ይደሩ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ያደሩበት ሆቴል ነው፤ ለእንግዳው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ያስቀምጣል። ያላደሩበት ሆቴል ግን ለጥበቃ ሲል እምቢ ሊል ይችላል፣ ቅር አይበልዎት። ምሳ እዚያው በልተው፣ ፈትሹት ብለው ሻንጣውን ራስዎ ከፍተው ቢጠይቁ የመቀበል ዕድሉ ይጨምራል። ካልሆነ ፔንሲዮን ውስጥ ለቀኑ ክፍል ይያዙ። ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሆናል፣ ገላዎንም ታጥበው ይሄዳሉ። ሱቅ ወይም ካፌ «አደራ» ብሎ መተው የተለመደ ቢሆንም ለበረራ ቀን አይመከርም፤ ባለሱቁ ታማኝ ቢሆንም እንኳ ለቅሶ ሰምቶ በሩን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል።

ሻንጣ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ጠፍቶ ሳይሆን ተረኛው ተቀይሮ ነው። ጠዋት የተረከበችው ልጅ ማታ የለችም፤ ማታ የገባው ስለ ሻንጣው አልሰማም፤ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ቤቱ የገባ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲያስረክቡ «ማታ ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ፣ የሰውየውንም ስልክ ይያዙ። ወረቀት ላይም እንዲህ ያጽፉ፦ «2 ሻንጣ፣ 1 ማዳበሪያ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተረክቤያለሁ። ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይወሰዳል።» ስምና ፊርማ ይኑርበት። «ጠዋት» እና «ምሽት» የሚሉትን አይተዉ፤ ትኬት ላይ 22:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ስለሆነ ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈ ያደናግራል። ሻንጣዎቹን ከተቀመጡበት ቦታ ጋር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ከማስረከብዎ በፊት ዚፖቹን አገናኝተው ይቆልፉ። የማዳበሪያ አፍ ይሰፋ ወይም በሲባጎ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ከገጠር የመጣ ቅቤ ወይም ማር ካለ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ለብቻው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገው ይስጡ፤ ሙቀት ያለው ክፍል ውስጥ ቅቤው ቀልጦ ከሥሩ ያለውን የሌላ እንግዳ ሻንጣ ካበላሸ ጭቅጭቁ ማታ ይጠብቅዎታል። ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ መድኃኒት፣ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ከእርስዎ ጋር ይሁኑ።

ይዘው የሚዞሩት ቦርሳ ትንሽ ይሁን። ብሔራዊ ሙዚየምም ሆነ አንድነት ፓርክ መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ፤ የተጨናነቀ ቦርሳ ሰልፉን ያስቆማል። ከፒያሳ ጊዮርጊስ ተነስተው በአራት ኪሎ አድርገው ስድስት ኪሎ ለመድረስ መንገዱ በእግር ይሄዳል፣ ወደ መጨረሻው ግን ዳገት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይታመን ጃኬት ይጨምሩ። መርካቶ ከገቡ ቦርሳውን ከጀርባ ሳይሆን ከደረት በኩል ይያዙት።

ሻንጣ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር ይቻላል፣ ግን ወያላው የአንድ ሰው ሂሳብ ሊጨምር ስለሚችል ሳይገቡ ይነጋገሩ። በሥራ መውጫ ሰዓት ጭራሽ ላይጭንዎት ይችላል። በስልክ የሚጠራ ታክሲ (ራይድ ወይም ፈረስ) የሚጠሩ ከሆነ ሻንጣው እጅዎ ከገባ፣ ብዛቱና መቆለፉ ከታየ በኋላ ይጥሩ፤ ቀድመው ከጠሩ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ሲፈለግ ሹፌሩ ሰልችቶት ጥሪውን ይሰርዛል።