ጎንደር ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ፦ ቀኑ ሳይደርስ የሚያልቁ ሥራዎች

ጎንደር ውስጥ የውጭ ፓስፖርት ይዞ የሚኖረው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ። ጎንደሬ አግብቶ እዚሁ የቀረ አለ። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል ተመልሶ አዘዞ ቤት የሠራ ወገናችንም አለ። ሁሉም ሰሞኑን የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ እድሳቱ ጠበቅ ብሏል። ድሮ “ነገ ታመጡታላችሁ” ተብሎ የሚታለፍ ወረቀት ዛሬ ፋይሉን ያስመልሳል።

ፋይል የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው መብት ስለሌለው አይደለም። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በዋናነት ወረቀትን ከወረቀት ማስታረቅ ነው።

1. በምን መንገድ እንደምትኖሩ ለዩ

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ቪዛ እያራዘሙ መኖር ድካም ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው መታወቂያ፣ ሰው “ቢጫ ካርድ” የሚለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባል። የመኖሪያ ፈቃድም የሥራ ፈቃድም አያስፈልግም። የተከለከለው እንደ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ባሉ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር፣ እንዲሁም መምረጥና መመረጥ ነው። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ ትውልዳችሁን ያስረዳል። ግን አትጓዙበት። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ነው የሚታደሰው። የሥራ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ካልታደሰ ሁለተኛው አይንቀሳቀስም።

የኢትዮጵያዊ ባል ወይም ሚስት ከሆናችሁ፣ በተክሊል ተጋብታችሁም ቢሆን፣ የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከቀበሌ አውጡ። የሠርግ አልበም መስኮት ላይ አይሠራም።

በቱሪስት ቪዛ እየሠራ ያለ ካለ፣ እድሳት ሳይሆን ሌላ ጉዳይ ነው ያለበት።

2. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ብዙ ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ላይ ጁን 30 ካለ በእኛ ሰኔ 23 ነው። “ሰኔ 30 ነው የሚያልቀው” ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰባት ቀን አልፎበታል፤ ቅጣቱ ደግሞ በቀን ነው የሚታሰበው።

የቤት ኪራይ ውልም እንዲሁ ነው። አከራያችሁ “10/03/2017” ብለው ቢፈርሙ ኅዳር 10 ማለታቸው ነው። በፈረንጅ ዓይን ላየው ግን ከዓመታት በፊት ያለቀ ውል ይመስላል። “ዓ.ም.” አስጽፉበት፤ ወሩንም በፊደል።

ከማብቂያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ አራት ወር እላለሁ። ፓስፖርታችሁ ከስድስት ወር ያነሰ ከቀረው ግን ቅድሚያ የሚታደሰው እሱ ነው፤ የኤምባሲውን ቀጠሮ ዛሬውኑ ያዙ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን አብራችሁ ያዙ፤ ማኅተሞቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው።

ንግድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። መኖሪያ ፈቃዳችሁ ኅዳር ላይ የሚያልቅ ከሆነ ግን “ገና ጊዜ አለ” አትበሉ። በሐምሌ ጨርሱት።

3. ስማችሁን አስታርቁ

ፓስፖርታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር አመሳክሩ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጋብቻ፣ የሥራ ውል፣ የባንክ ደብተር። “ካሳ” አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከተጻፈ አሁኑኑ አስተካክሉ። ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊትም ይህን ጨርሱ፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል፣ ስሙም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበት።

ውጭ አገር ያገቡ ሴቶች ላይ ነገሩ ይበረታል። የልደት ወረቀቱ የአባት ስም ይላል፣ ፓስፖርቱ የባል። ሁለቱን የሚያገናኘው የጋብቻ ወረቀቱ ነው። እሱ ከሌለ ሁለት ሴት ነው የሚመስለው። ወረቀቱ ከውጭ የመጣ ከሆነ በአገሩ ተረጋግጦ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አይቶት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያልፋል። ይህ ወራት ሊበላ ስለሚችል መጀመሪያ የሚላከው እሱ ይሁን።

4. ደብዳቤውን ከቢሮው ሳትወጡ አንብቡ

የድጋፍ ደብዳቤ ስትቀበሉ አራት ነገር እዩ፦ ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ ከፊርማው ሥር የኃላፊው ቲተር። አንዱ ከጎደለ ይመለሳል። የፓስፖርት ቁጥራችሁም ደብዳቤው ውስጥ ይጻፍ፤ አዲሱ ቁጥር እንጂ ያለፈው አይደለም። ጸሐፊዎች ያምናውን ፋይል ከፍተው ቀኑን ብቻ እንደሚቀይሩ የታወቀ ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ጉዳይ አስፈጻሚ የምትይዙ ከሆነ ኦሪጅናል ፓስፖርት ያለ ደረሰኝ አትስጡ። የተጭበረበረ ማኅተም ቢገኝ የሚጠየቀው ባለ ፓስፖርቱ ነው። የክፍያውን መጠንም ከደላላ ሳይሆን ከራሱ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እወቁ፤ በቅርብ ዓመታት ጨምሯል።

5. ጉዞውን አስልታችሁ ያዙ

ጉዳያችሁ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያልቅ ከሆነ መንገዱንም አስቡ። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ከአዘዞ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በጥምቀት ሰሞን ግን ትኬቱም አይገኝ፣ ቢሮውም ይዘጋል። ኢንተርኔትን ደግሞ አትመኑ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሥራውን ለመጨረሻው ቀን ያስተረፈ ሰው ምን እንደገጠመው ሁላችንም እናውቃለን። የሁሉንም ሰነድ ስካን በፍላሽ ያዙ፣ ሁለት ኮፒም በክላሰር።

“ሲስተም የለም” ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። በዚያ ቀን መቅረባችሁን የሚያሳይ የተመዘገበ ማመልከቻ ወይም የቀጠሮ ወረቀት ጠይቁ። ጊዜው ካለፈ መከራከሪያችሁ እሱ ብቻ ነው።

ካርዱ ሲሰጣችሁም መስኮቱን ሳትለቁ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን አንብቡ። ስህተት ካለ እዚያው ንገሩ። ጎንደር ከገባችሁ በኋላ ማስተካከል ሌላ የአውሮፕላን ትኬት ነው።