ጎንደር ሆኖ የጠፈር ጉዞ በቀጥታ ማዳመጥ፦ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል?

ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስትከፍቱት አልቋል

ሁላችንም ቶሎ የምንወቅሰው ኔትወርኩን ነው። እኔን ግን ብዙ ጊዜ ያስመለጠኝ የሰዓት ስሌት ነው። ናሳ ከኬፕ ካናቬራል ለሚወነጨፍ ሮኬት የሚያወጣው ሰዓት የፍሎሪዳ ነው፣ እኛ ደግሞ ቀኑን የምንጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በዚያ ላይ ስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ሦስቱ ሲደባለቁ እንቅልፍ አጥታችሁ ባዶ ስክሪን ላይ ታፈጣላችሁ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ በፍሎሪዳ ሰዓት ላይ 1 ደምሩ። ኤኤም ካለ የኛ ቀን ነው፣ ፒኤም ካለ የኛ ማታና ሌሊት። 8 ፒኤም ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በተቀሩት ወራት 2 ደምሩ። ዩቲሲ (የግሪንዊች ሰዓት ማለት ነው) ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ 3 ቀንሱ። የህንዱ መንኮራኩር ቻንድራያን 3 ነሐሴ 17 ቀን 2015 ጨረቃ ላይ ያረፈው በዩቲሲ 12፡30 አለፍ ሲል ነበር፤ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ። ማራኪ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የሰማሁት። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጭብጨባ እስካሁን አይረሳኝም።

ይሽከረከራል፣ ይቆራረጣል

ስልኩ ከኔትወርኩ አቅም በላይ ጥራት ያለው ምስል እየጎተተ ነው። ማዳመጥ ከሆነ የፈለጋችሁት ጥራቱን 144 ላይ አድርጉት፣ ድምፁ በደንብ ይሰማል። አሁንም ካስቸገረ ስርጭቱን አንድ ደቂቃ ያህል ወደኋላ መልሱት፤ ስልኩ ቀድሞ የሚያወርደው ነገር ያገኛል። አንድ ደቂቃ ዘግይቶ መስማት ከመቆራረጥ በብዙ ይሻላል።

«ቀጥታ» ይላል፣ ግን ኪውአር ኮድ አሳይቶ ገንዘብ ላኩ ይላል

አጭበርባሪ ነው፣ ወዲያው ውጡ። የድሮ ቪዲዮ እየደጋገሙ ነው የሚያሳዩት። የናሳን ወይም የህንዱን የጠፈር ድርጅት የኢስሮን ቻናል ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ። የናሳ የራሱ የቪዲዮ አገልግሎት ናሳ ፕላስም ነፃ ነው።

መብራት ሄደ

ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ስልኩን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ ትንሽ የሞባይል ዳታ አስቀሩ። ስፒከር ከሌለ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል።

የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስርጭት ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም

ስልካችሁ ላይሆን ይችላል። በሌላ ቪዲዮ ሞክሩትና ድምፅ ካለ ስልኩን ተዉት። አንዳንዴ ጣቢያው ከአስተላላፊ ሳተላይቶቹ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጣል፤ ያኔ ምስሉም ይጠፋል፣ ጠብቁት። አንዳንዴ ደግሞ ጠፈርተኞቹ ተኝተዋል። የሚኖሩት በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙት በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ክፈቱት፤ ሥራ ላይ ሆነው ሂውስተን ካለው የናሳ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ሲነጋገሩ ታገኟቸዋላችሁ።