ለተማሪ የእንጨት ክላርኔት ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሦስት ዓመት በፕላስቲክ ክላርኔት የተማረ ልጅ ጣቱ ሲፈጥንና ድምፁ ሲጠራ «አሁን የእንጨቱ ይገዛልኝ» ማለቱ አይቀርም። ቤተሰብም ጂቡቲ ያለ ዘመድ፣ ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴ ወይም ለበዓል ከውጭ የሚመጣ አጎት ማፈላለግ ይጀምራል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከገባበት ጊዜ አንስቶ የባሕር ማዶ ዕቃ ለድሬዳዋ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ብርቅ የሚሆነው የመጣው የእንጨት ዕቃ በድሬ አየር ደህና ሆኖ ሲቆይ ነው። ስለ መካከለኛ ደረጃ ክላርኔት የሚጻፉ ምክሮች በብዛት የብርድ አገር ምክሮች ናቸው። ማሞቂያ ስለሚያደርቀው ክፍል ይናገራሉ እንጂ ግንቦት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሚጠና ክላርኔት አያነሱም። የሚከተሉት ስህተቶች ግን እዚሁ፣ በድሬ ሰፈሮች በከዚራና በሳቢያን፣ ሽቅብ ሐረርም ሲፈጸሙ የምናያቸው ናቸው።

እንጨት ስለሆነ ብቻ ድምፁ ያምራል ብሎ መነሳት

ክላርኔት ውስጥ የሚርገበገበው አየሩ እንጂ ግድግዳው አይደለም። ድምፁን በአብዛኛው የሚወስኑት ሪዱ (ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ምላስ)፣ ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ)፣ የውስጠኛው ቀዳዳ ስፋትና ቅርጽ፣ የጣት ቀዳዳዎቹ አቆራረጥ እንዲሁም ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ቀዳዳዎቹን የሚዘጉት ለስላሳ ክዳኖች) አየር የማያሾልኩ መሆናቸው ነው። ታዲያ እንጨቱ ለምን ተፈለገ? ግሬናዲላ የሚባለው ጥቁር እንጨት ውኃ ላይ ሲጥሉት የሚሰምጥ፣ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። ቀዳዳው በትክክል ይቀረጽበታል፣ ጠርዙም በቀላሉ አይሸራረፍም። ፋብሪካዎችም የተሻለ ጥንቃቄያቸውን የሚያውሉት በእሱ ላይ ነው። ዛፉ የራሳችን አህጉር ልጅ ነው። ለመሣሪያ የሚቆረጠው በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል።

ስለዚህ እንደ ያማሃ ዋይ ሲ ኤል 450 ወይም ቡፌ ኢ 11 ያለ መካከለኛ ደረጃ የእንጨት ክላርኔት ከጀማሪዎቹ የፕላስቲክ ክላርኔቶች የሚሻለው እንጨት በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በአሠራሩና በቁልፎቹ አገጣጠም ጭምር ነው። ፓዱ የሚያሾልክ የእንጨት ክላርኔት በደንብ ከተስተካከለ የፕላስቲክ ክላርኔት እጅግ ያንሳል። ልጁ አየር ለመግፋት ሲታገል ከንፈሩ ይደነድናል፣ ጥፋቱም የእሱ ይመስለዋል። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ ለእንጨቱ ብቻ በቅቶ ለማስተካከያና ለማውዝፒስ የማይተርፍ ከሆነ፣ የእንጨቱ ግዢ ለከርሞ ይቆይ።

የድሬን ሙቀት ከሒሳብ ማውጣት

ብዙ የማይነሳ፣ ነገር ግን ልጁን በየቀኑ የሚያስቸግር ጉዳይ ይህ ነው። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የሚጓዘው ድምፅ፣ በ35 ዲግሪ 352 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሙዚቃ ሲተረጎም የግማሽ ድምፅን እኩሌታ ይጠጋል። የተጫዋቹ ትንፋሽ አስቀድሞ የሞቀ ስለሆነ ክላርኔቱ ላይ ሙሉው ልዩነት አይታይም፤ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ የሚነፋ ክላርኔት ከማለዳው ከፍ ብሎ እንደሚወጣ በቱነር (በድምፅ ቅኝት መለኪያ) ማረጋገጥ ይቻላል። ኪቦርድ ደግሞ ሙቀት አያውቅም። ሠርግ ላይ ከኪቦርድ ጋር የቆመ ክላርኔት ተጫዋች በየዘፈኑ መሐል መሣሪያውን የሚነካካው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግዢው ይመጣል። ክላርኔቶች ላ የሚባለው ድምፅ በ440 ወይም በ442 ኸርዝ ተቃኝቶ እንዲሠሩ ታስበው ይወጣሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ከፍ ይላል። የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች ብዙዎቹ 442ን ስለሚመርጡ ከዚያ የሚመጣ ያገለገለ ክላርኔት 442 ሊሆን ይችላል። በብርድ አገር ምንም አይደለም፤ ለድሬ ግን ሞቃቱ አየር ቀድሞ ከፍ ባደረገው ላይ ሌላ ከፍታ መጨመር ነው። ምርጫ ካለ 440 ይጠየቅ።

ከማውዝፒሱ ሥር ያለችው አጭር በርሜል ርዝመቷም ይታይ። የብዙዎቹ ክላርኔቶች በርሜል 65 ወይም 66 ሚሊ ሜትር ነው። አብሮ 67 ሚሊ ሜትር ተለዋጭ በርሜል መግዛት ለድሬ ተማሪ ከብር ልባጥ ቁልፍ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ድምፁን ለማውረድ አጭሩን በርሜል ብዙ መጎተት ውስጡ ክፍተት ይፈጥራል። በዚያ ላይ የመሣሪያው የላይኛው አካል ብቻ የሚሠራባቸውን የጎሮሮ ድምፆች ከሌሎቹ አብልጦ ያወርዳቸዋል። ረጅም በርሜል ቢያዝም ከመሐለኛው መገጣጠሚያም ትንሽ መክፈት ሚዛኑን ያስተካክላል።

የፕላስቲኩን ሸጦ የእንጨቱን መሙላት

ይህ የቤተሰብ ሒሳብ ይገባኛል፤ ግን አይሁን። በሰልፍ፣ በጥምቀት፣ በማርሽ ባንድ ፀሐይ ላይ የሚወጣው የፕላስቲኩ ነው። የእንጨቱ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከድሬ ወደ ሐረር የሚሄድ ተማሪም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው መንገድ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሙቀቱም ርጥበቱም አብረው ይለወጣሉ። ለእንጨቱ ይህ ምልልስ ቀላል አይደለም።

ያገለገለ ክላርኔት በፎቶ ብቻ መግዛት

ጥሩ ያገለገለ መሣሪያ ከአዲስ ርካሽ መሣሪያ ይሻላል፤ ይህን ደጋግሜ እመክራለሁ። ችግሩ ፎቶ የሚያሳየው የቁልፎቹን ማብረቅረቅ ብቻ መሆኑ ነው። ዘመድዎ ዕቃውን እጁ ላይ ይዞ የሚያያቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ በየመገጣጠሚያው ያሉትን የብረት ቀለበቶች በጣት ያዙርና ይሞክር። ከዞሩ ወይም ከተንኳኩ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል ማለት ነው። ሌላ አገር ሆኖ ይህን ያህል የደረቀ እንጨት ድሬ ሲመጣ እንደማይሻለው ግልጽ ነው። ቀጥሎ የላይኛውን አካል ብርሃን ላይ አዙሮ ይመርምር። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ፣ በጎን ካሉት ትናንሽ የትሪል ቁልፎች ቀዳዳ አጠገብ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ከዘለቀ ያስፈራል። በባለሙያ ተጣብቆ ለዓመታት የቆየ ስንጥቅ ግን መሣሪያውን አያስጥለውም፤ ዋጋውን ያስቀንሳል እንጂ።

ከዚያ የአየር ፈተና አለ። የጣት ቀዳዳዎቹን በጣት፣ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ዘግቶ ከላይ አየሩን በአፍ መሳብ ነው። የተዘጋው አካል ለጥቂት ሰከንድ አየሩን አምቆ ከያዘ ፓዶቹ ደህና ናቸው። ወዲያው የሚለቅ ከሆነ የፓድ ቅያሬ ወጪ ዋጋው ላይ ይደመር። የላይኛውና የታችኛው አካል መለያ ቁጥርም አንድ ይሁን። ከሁለት ክላርኔት ተገጣጥሞ የተሸጠ መሣሪያ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ ክላርኔት ሲሆን ሌላ ወጥመድ አለ። ልጁ የተማረው በብዙው ዓለም በሚሠራበት የቁልፍና የጣት አቀማመጥ፣ በቦም ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በፓሪስ በክላርኔት ተጫዋቹ ክሎዜና በመሣሪያ ሠሪው ቡፌ በ1830ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሲሆን፣ የተለመደው 17 ቁልፍና 6 የጣት ቀለበት አለው። በአሮጌው የአልበርት ሥርዓት የተሠራ መሣሪያ የጣት ቀለበቶቹ ያነሱ ናቸው፤ ጣቱም በሌላ መንገድ ይሄዳል። የጀርመኖቹ ሥርዓትም ለብቻው ነው። ዕቃው ውብ ሊሆን ይችላል፣ ለልጁ ግን አዲስ ቋንቋ መማር ይሆንበታል። ቁመቱም ይለካ። የተለመደው የሲ ቤሞል ክላርኔት ማውዝፒሱን ጨምሮ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች የሚረዝመው የኦርኬስትራው የላ ክላርኔት፣ በጣም የሚያጥረው ደግሞ የሚ ቤሞሉ ነው። ሁለቱም የተማሪው የመጀመሪያ የእንጨት ክላርኔት አይደሉም።

ሻጩ ወይም አስመጪው «ለዚህ እንጨት የደን ፈቃድ ክፍያ አለው» ብሎ ዋጋ ቢቆልል አይደንግጡ። የዛፉ ዝርያ ንግድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። ሆኖም ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ፈቃድ ነፃ ሆነዋል። ጉምሩክ ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ የግዢ ደረሰኙን መያዝ ነው።

ስም የሌለውን አዲስ «የእንጨት» ክላርኔት ማመን

ሣጥኑ ያምራል፣ ቁልፎቹ ወርቅ ይመስላሉ፣ ዋጋው ከታዋቂዎቹ የፕላስቲክ ክላርኔቶች እንኳ ያንሳል። አንዳንዱ ፕላስቲክ ላይ የእንጨት መስመር የተጫረበት ነው፤ አንዳንዱ እውነት እንጨት ነው፣ ግን በቅጡ ሳይደርቅ የተሠራ። መገጣጠሚያውን ነቅሎ የተቆረጠውን ጫፍ ማየት ይበቃል፦ የእንጨት ጫፍ ደቃቅ ነጠብጣብ አለው፣ የፕላስቲኩ ልሙጥ ነው። ሳይደርቅ የተሠራው ግን በዓይን አይለይም። እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ የቁልፎቹ ብረት ለስላሳ ስለሚሆን ቶሎ ይጎብጣል፤ ጠጋኞችም እጃቸውን ማስገባት አይወዱም። በድሬው ታይዋን ገበያ ስልክና ቴሌቪዥን መከራከር የለመደ ሰው ክላርኔትም በክርክር የሚገዛ ይመስለዋል፤ የማይረባ መሣሪያ ግን በግማሽ ዋጋም ውድ ነው።

ልጁ ሳይነፋው መግዛት

መቼም ዕቃው ከሩቅ ሲመጣ ይህ አይቻልም ይባላል። ቢያንስ የመመለሻ ቀን ያለው ሻጭ ይፈለግ፤ ወይም ዕቃውን የሚያመጣው ሰው ክላርኔት የሚነፋ ሰው ይዞ ይሂድ። ዕቃው እዚሁ ከተማ ካለ ደግሞ መምህሩ አብሮ ይገኝ።

ሙከራው ላይ ልጆች የሚወዱትን ይነፋሉ። ትዝታን በታችኛው ወፍራም ድምፅ ሲነፉት የማያምር ክላርኔት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ትዝታ ምንም አይፈትንም። ክላርኔት የድምፅ መዝለያ ቁልፉ ሲነካ እንደ ሳክስፎን ስምንት ሳይሆን አሥራ ሁለት ደረጃ ይዘላል። አስቸጋሪውም ከጎሮሮው ላ ወደ ላይኛው ሲ የሚደረገው መሻገሪያ ነው። ልጁ ይህን መሻገሪያ በዝግታ፣ ድምፁ ሳይቆረጥ ደጋግሞ ይነፋው። ከዚያ ከታችኛው ሚ ተነስቶ መዝለያውን እየነካ ጥንዶቹን ያነጻጽር፤ ቱነሩ አጠገቡ ይሁን። የላይኛው ከታችኛው ጋር በጣም ካልተስማማ፣ ያ ክላርኔት ከሌላው ጋር ይወዳደር። የቀኝ ትንሽ ጣት ወደ ታችኞቹ ቁልፎች ያለ ጭንቅ መድረሷንም ማየት ነው። የትናንሽ እጅ ልጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ።

ገንዘቡን በሙሉ እንጨቱ ላይ ማፍሰስ

ብዙዎቹ መካከለኛ ክላርኔቶች አብሯቸው የሚመጣው ማውዝፒስ ተራ ነው። እንደ ቫንዶረን ቢ 45 ያለ ጥሩ ማውዝፒስ አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ክላርኔት በላይ ለውጥ ያመጣል፤ ዋጋውም ከክላርኔቱ ትንሽ ክፋይ ነው። እንዲያውም በመጀመሪያ ማውዝፒሱን ብቻ ገዝቶ በአሮጌው ፕላስቲክ ላይ መሞከር ብልህነት ነው። የልጁ ጥያቄ እዚያው የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ሪድ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፣ ጫፉም ይጣመማል። በአንድ ሪድ ከመክረም ሦስት አራቱን እያፈራረቁ መንፋት ይሻላል። ለተማሪ ቁጥር ሁለት ተኩልና ሦስት ይበቃል። ሰው ሠራሽ ሪድ ዋጋው ከፍ ቢልም ድርቀት ስለማያጣምመው ለዚህ አየር ይመቻል። ማውዝፒሱን በሙቅ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ግን የተሠራበትን ጠንካራ ጎማ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለውጠዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃዋል። ጥገናው አዲስ አበባ ድረስ የሚላክ ከሆነም የማጓጓዣውና የጊዜው ወጪ ከመግዛቱ በፊት ይታሰብ።

አዲሱን እንጨት በመጣበት ቀን ሌሊቱን ሁሉ መንፋት

የልጁ ጉጉት ያሳዝናል፣ ግን መከልከል ነው። እንጨት የሚሰነጠቀው የውስጡ ግድግዳ በሞቀ ርጥብ ትንፋሽ ሲያብጥ ውጪው ደርቆና ቀዝቅዞ አብሮት ሳይሰፋ ሲቀር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ይነፋ፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። በየጊዜው ጨርቁን በውስጡ አሳልፎ ማድረቅ፣ የመገጣጠሚያዎቹን ጠርዝ ጭምር መጥረግ አይረሳ። ሐረር በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ የሚያጠና ተማሪ የላይኛውን አካል አስቀድሞ በእጁ ወይም በብብቱ ያሙቀው፤ ብርድ እንጨት ውስጥ በትንፋሽ ማሞቅ ስንጥቅን መጋበዝ ነው።

ማስቀመጫው ሣጥኑ ነው፤ ሣጥኑም የቆመ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ሥር ወይም ቁም ሳጥን አናት ላይ በቆርቆሮው አጠገብ አይቀመጥ። የቆዩ ተጫዋቾች በደረቅ ወራት እንጨቱ እንዳይደርቅ የብርቱካን ልጣጭ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይሠራል፣ ግን ይሻግታል፤ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ተጨምቆ የገባ ትንሽ ስፖንጅ ይሻላል። የምግብ ዘይትና የፀጉር ቅባት ግን ቀዳዳው ውስጥ አይግቡ፤ ፓዱን ያበላሻሉ፣ አቧራም ይሰበስባሉ። መገጣጠሚያዎቹን በሚያጠብቀው ቡሽ ላይ ለቡሽ የሚሸጠው ቅባት ብቻ ይቀባ። አዲስ ክላርኔት ከጥቂት ወራት በኋላ ፓዶቹ ስለሚረግጡ ለማስተካከያ አንድ ጊዜ ጠጋኝ ዘንድ መድረስ አለበት። በሻጩ ዋስትና ውስጥ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ነው።