የሮማን የወርቅ ሳንቲም ዘውድና ጎፈር ለማንበብ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ አንጥረኛ ጠገራ ብር በማጉያ መነጽር ሲያሳየኝ፣ ጣቱን ያሳረፈው በዓመቱ ላይ ሳይሆን በማሪያ ቴሬዛ የደረት ጌጥ ላይ ነበር። ብሩ መቼም ይመታ መቼ ዓመቱ 1780 ስለሆነ፣ የጥንት ነጋዴዎች እውነተኛነቱን የሚያረጋግጡት ዕንቁዎቹን ቆጥረው ነው። የሮማን የወርቅ ሳንቲም ለማንበብም ከጽሑፉ በፊት ምልክቱን ማየት ይበጃል።

ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘው ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ መወልወል ስስ መስመሮቹን ያጠፋል፤ እባክዎ ፈጽሞ አይወልውሉት።

ከዘውዱ ይጀምሩ። ንጉሡ የሎረል ቅጠል አክሊል ከደፋ ሳንቲሙ ባብዛኛው ኦሬውስ የተባለው የቀድሞው ዘመን የሮማ የወርቅ ሳንቲም ነው፤ በዕንቁ ያጌጠ የራስ ማሰሪያ ካደረገ ግን ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ያስጀመረው ሶሊደስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ሚዛንም ያግዛል፦ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ካቀለለው በኋላ ኦሬውስ 7.3 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ሶሊደስ 4.5 ግራም ገደማ ነው።

ትልቁ ነገር ያለው ጎፈሩ ላይ ነው። አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት ባስመታው ኦሬውስ ላይ አንድ አዞ ብቻውን ቆሟል፤ ከላይና ከታች ያለው የላቲን ጽሑፍ ግብፅ መያዟን ይናገራል። ማንበብ የማይችል ወታደር እንኳ አዞውን አይቶ የአባይን አገር ያውቃል፤ ለእኔ ከሮማ ምልክቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ቁጥብና ብርቱ የለም። አክሊልና ዘንባባ የያዘች ባለክንፍ ሴት ካዩ ደግሞ የድል አምላክ ናት። በክርስቲያን ነገሥታት ዘመን ያቺው ሴት ረጅም መስቀል ጨበጠች፣ በኋላም በእርሷ ቦታ መልአክ ቆመ፤ ስለዚህ በእጇ ያለውን ሳያዩ ዘመኑን አይወስኑ።

ዓይንዎ ይህን ከለመደ የአክሱምን ወርቅ ከጎኑ ያድርጉ። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የነገሠው እንዱቢስ በግሪክኛ ቢያስጽፍም፣ ምስሉን ግራና ቀኝ ያቀፉት ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው፤ ይህ ምርጫ የራሱ የአክሱም ነው። ከራሱ በላይ ያለውን ክብና ግማሽ ጨረቃም ልብ ይበሉ፤ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በዚያው ስፍራ መስቀል ያገኛሉ።