ባሕር ዳርቻ ለምትሞሸሩ፦ ቦታውን ከ15 ቀን በፊት እዩት

ከጸሎት ቤቱ ወጥታችሁ አሸዋው ላይ ፎቶ ለመነሣት ካሰባችሁ፣ ቦታውን ከሠርጉ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በዚያው ሰዓት እዩት። ሳምንት ሲቀረው የሚሄድ ሰው ይሸወዳል፤ ሰፊ ደረቅ አሸዋ ያየበት ቦታ በሠርጉ ዕለት ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባሕሩ በብዙ ቦታ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ይጎድላል፤ የሙላቱ ሰዓትም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በ7 ቀን መዘግየቱ 6 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፣ ይኸውም ውሃው ከሞላበት እስኪጎድል ያለው ጊዜ ነው። በ15 ቀን ግን ዑደቱ ተመልሶ ይገጥማል፣ የውሃው ከፍታም ይቀራረባል። ስትሄዱ የባሕር አረም ተከምሮ የቀረበትን መስመር ፈልጉ፤ ወንበሩም የቬሎው ጫፍም ከዚያ በላይ ይሁን።

በቀን አንዴ ብቻ በሚሞላ ባሕር ይህ ስሌት አይሠራም፤ የአካባቢውን የሙላት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ንፋሱ ወደ የብስ ከበረታ ደግሞ ውሃው ሰንጠረዡ ካለው በላይ ሊወጣ ይችላል።