ዘይት ያለው ወይስ ዘይት የሌለው? ለባሕር ዳር ሥራ ኮምፕሬሰር እንዴት ይመረጣል

ኮምፕሬሰር ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውንና የታንከሩን ሊትር ነው። ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ አየሩ በመጨረሻ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ምርጫው ፒስተኑ በዘይት እየራሰ በሚሠራው (ዘይት ያለው) እና ደረቁን በሚሠራው (ዘይት የሌለው) መካከል ነው።

1. አየሩ የሚነካውን ይለዩ

የባጃጅ ጎማ የሚነፋ ጎሚስታ፣ ቡሎን የሚፈታ ጋራዥ ወይም ሶፋ የሚሠራ ቤት አየሩ ትንሽ ዘይት ቢይዝ አይጎዳም። እንዲያውም በአየር የሚሠሩ መፍቻዎች ራሳቸው ዘይት ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ዘይት ያለውን ይግዙ።

የጥርስ ክሊኒክ ሌላ ነው። አየሩ በቀጥታ ታካሚው አፍ ውስጥ ይገባል፤ ዘይት ያረፈበት ጥርስ ላይ ደግሞ ሙሊት በደንብ አይጣበቅም። ለክሊኒክ፣ ለላቦራቶሪና ምግብ ለሚነካ አየር ዘይት የሌለውን ይውሰዱ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር ተገቢ አይደለም።

ቀለም መሐል ላይ ያለ ሥራ ነው። አንዲት የዘይት ጠብታ በር ወይም ጀልባ ላይ ካረፈች ቀለሙ ከዚያች ነጥብ ይሸሽና ክብ ጉድጓድ ይቀራል። ቢሆንም ቀለም መርጨት ብዙ አየር ስለሚበላ ዘይት ያለው ከነውሃና ዘይት ማጣሪያው ይሻላል። ማጣሪያውን ከኮምፕሬሰሩ ጥግ ሳይሆን አየሩ ቀዝቅዞ በሚደርስበት በቱቦው መጨረሻ በኩል ይግጠሙት።

ለዓሣ ገንዳ አየር መስጠት የፈለገ ሰው ግን ከሁለቱም አንዱን ባይገዛ ይመረጣል። 1 ሜትር ጥልቀት የሚጠይቀው 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ብቻ ነው፤ ለዚያ ትንሽ የአየር መንፊያ ይበቃል።

2. በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል?

ዘይት ያለው ኮምፕሬሰር ፒስተኑ በዘይት እየራሰ ይንሸራተታል። በቺንጋ የሚዞረው ደግሞ ዙሩ ቀርፋፋ ነው፤ በደቂቃ 1,000 ገደማ። ዘይቱ ከተጠበቀለት ዓመታት ይሠራል።

ዘይት በሌለው የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ከቴፍሎን መሰል ነገር የተሠራ ስለሆነ ደረቁን ይፋተጋል። ርካሹ በደቂቃ እስከ 2,800 ይዞራል፣ ይግላል፣ ጎረቤት ያውካል። አነስተኞቹ ብዙዎቹ 10 ደቂቃ ሠርተው 10 ደቂቃ ማረፍ ይፈልጋሉ። ለክሊኒክ የሚሆነው በ1,400 የሚዞረው፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ነው። ፋሻው ሲያልቅ ማሽኑ ይጮኻል እንጂ ግፊት አይጨምርም። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ፋሻውና ሲሊንደሩ ለብቻው መለዋወጫ እንዳለው ይጠይቁ። ከሌለ የገዙት ጊዜው ሲደርስ የሚጣል ዕቃ ነው።

3. ከፍታውን ያስቡ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። 50 ሊትር ታንከር እስከ 8 ባር ለመሙላት ጅቡቲ ወደብ ላይ 400 ሊትር አየር መሳብ ይበቃል፤ እዚህ 490 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ዕረፍቱም ያጥራል። የሞተሮች አቅም ደግሞ በአብዛኛው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዛቸውም። በሙቀት ቶሎ የሚጎዳው ዘይት የሌለው ስለሆነ እሱን ከመረጡ ከሚያስፈልግዎ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ።

4. ሱቅ ውስጥ ይለኩት

ሰሌዳው ላይ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚጠርገው አየር እንጂ ቱቦው ጫፍ የሚደርሰው አይደለም። ታንከሩን ባዶ አድርገው ያስነሱት። ጌጁ (የግፊት ማሳያው) 4 ባር ሲነካ በስልክዎ ሰዓት መያዝ ይጀምሩ፤ 6 ሲደርስ ያቁሙ። የታንከሩን ሊትር በ2 አባዝተው በፈጀው ደቂቃ ያካፍሉ። 50 ሊትሩ 1 ደቂቃ ከፈጀበት በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። አንድ የጥርስ ወንበር 50 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ቀለም መርጫ ከ200 እስከ 400 ሊትር ሊጠይቅ ይችላል።

ሞልቶ ሲቆም ጆሮዎን ይስጡ። አጭር “ፍስስ” ካለ ደህና ነው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት እያስተነፈሰ ነው። ካላለ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተርም ሊቃጠል ይችላል። ፍስስታው ካላቆመ ደግሞ አየር ወደኋላ የሚከለክለው ቫልቭ አይዘጋም።

መብራት ሲወርድም ሞተሩ እንዲሁ እያጉረመረመ ይቆማል፤ ወዲያው ያጥፉት። ረጅም ገመድም ኃይሉን ስለሚያወርደው፣ ማሽኑን ማራቅ ካለብዎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳይሆን የአየር ቱቦውን ያስረዝሙ።

5. ዘይትና ውሃ

የሚጨመረው የኮምፕሬሰር ዘይት ነው፣ ውፍረቱ 100 የሚባለው። የመኪና ሞተር ዘይት ውስጥ ያለው ማጽጃ ውሃ ይይዛል፣ ቫልቭ ላይም ጥላሸት ይጋግራል። መጠኑ በዘይት ማያው መስታወት ቀይ ነጥብ መሐል ይሁን፤ ከበዛ ከአየሩ ጋር ይወጣል። የመጀመሪያውን ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ300 ሰዓቱ ይቀይሩ።

ክረምት ላይ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። በአጭር በአጭሩ የሚሠራ ማሽን እርጥበቱን ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ዘይቱን ይቀይሩና በሳምንት አንድ ቀን የታንከሩን የውሃ ማፍሰሻ ገርበብ አድርገው 20 ደቂቃ ያሠሩት።

ዘይት የሌለው ማለት ውሃ የሌለው ማለት አይደለም። ከሐይቁ ዳር የሚሳበው የክረምት አየር በደቂቃ 100 ሊትር በሚስብ ማሽን ውስጥ በአንድ ሰዓት አንድ የቡና ስኒ ሊሞላ የሚቃረብ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ይጥላል። በየማታው ከሥር ያፍስሱት። የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ ታንከሩ ከውስጥ እየዛገ ነው። አሮጌ ሲገዙም መጀመሪያ ይህችን ማፍሰሻ ይክፈቱ፤ ታንከሩ ላይ የብየዳ ጥገና ካዩ ማሽኑን አይግዙት።